ሀውላና ሰማያዊው ሳፋ

የሀውላ አንድ ቀን ምን ያህል እንደሚያስወጣት ልንገራችሁ። ገንዘቡን ተዉት፤ እሱ ዘንድሮ ለማንም አልበቃም። ቀኗ የሚያስወጣት በመጀመሪያ አስራ አራት ጀሪካን ውሃ ነው። እያንዳንዱ ሃያ ሊትር፣ ከሆስፒታሉ ኩሽና ጀርባ ካለው ሮቶ ተቀድቶ፣ ሠላሳ ስምንት ደረጃ ወጥቶ፣ ጨቅላ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል በር ላይ ይቀመጣል። ቀጥሎ ጓንት። በቀን የሚያስፈልጋት ስምንት ጥንድ ነው፤ የሚሰጣት ሁለት ጥንድ ነው፤ የጎደለውን ስድስት ጥንድ የምትከፍለው በገዛ ቆዳዋ ነው። በረኪናው ጣቶቿን ልጦ ልጦ ጨርሷቸዋል። መታወቂያ ልታወጣ ሄዳ አሻራ ስጪ ሲሏት ማሽኑ ሦስት ጊዜ መልሷታል። "እህት፣ ጣትሽን የት ጣልሽው?" አላት መዝጋቢው እየሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ወገቧ አለ። ከዚያ ደግሞ ከሁሉም የሚበዛው ንዴቷ አለ። ሀውላ በአንድ ቀን የምታወጣው ንዴት በጀሪካን ቢሰፈር ሮቶው አይችለውም።

ቤቷ እዚሁ የካ ውስጥ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚጀምርበት ጋ ነው። ጠዋት ከሱብሒ ሰላት በኋላ ቁልቁለቱን በእግሯ ትወርደዋለች፤ ማታ ያው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቃታል። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ኢማድ ላምበረት መናኸሪያ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዕቃ ይጭናል፤ ሳሊሀ የምትባል የሁለተኛ ክፍል ልጅ አለቻቸው። ሀውላ በዚያ ሆስፒታል ስምንት ዓመት ሠርታለች። ስሙን አልጠራውም፤ የመንግሥት ነው፣ በየቀኑ በበሩ እናልፋለን። ትሠራበታለች እንጂ የሆስፒታሉ አይደለችም፤ የፅዳት ኤጀንሲ ነው የቀጠራት። አረንጓዴ ጋዋኗ ጀርባ ላይ የኤጀንሲው ስም በትልቁ ተጽፎአል። የእሷ ስም የትም የለም።

እዚያ ግቢ ውስጥ ሰው የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው፤ በቁጣዋና በሳፋዋ። ቁጣዋን ለሁሉም አድርሳለች፤ ሲሪንጅ በተራ ቆሻሻ ቅርጫት የጣለውን ተማሪ ሐኪም፣ መስኮቱ ላይ ምራቁን የተፋውን አስታማሚ፣ አልጋ ላይ ጫማውን ያሳረፈውን ጠያቂ። ሳፋው ግን ክብሯ ነበር።

ሳፋው እንዲህ ነው የመጣው። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነጭ የእጅ መታጠቢያ አለ። ቧንቧም አለው። የሌለው ውሃ ነው። መጀመሪያ በፈረቃ ይመጣ ነበር፤ ቀጥሎ የፈረቃው ቀን ሲደርስ ጉርጉር ብሎ ይተነፍስና ዝም ይል ጀመር፤ በመጨረሻ መተንፈሱንም ተወው። ከጥገና ክፍል አንድ ሰው መጣ፣ ቧንቧውን በነጭ ፕላስተር ጠቅልሎ አሽጎት ሄደ። እንደ ቁስለኛ ጣት ተጠቅልሎ ቀረ። መታጠቢያው ላይ ፋይል ይደረደርበት ጀመር።

ያን ጊዜ ሀውላ በር ላይ ቆማ ምን ታያለች? ሐኪሙ ይገባል። አንዱን ሕፃን ይዳስሳል፣ እጁን በጋዋኑ ይጠርጋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሳኒታይዘር ሲኖር ይኖራል፣ ሲያልቅ "ተጠይቋል" ይባላል፤ የሚጠየቀው ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም። እናቶቹ ከሽንት ቤት ይመለሱና እንደመጡ ሕፃን ያነሳሉ። ሕፃን ስላችሁ እንደምታውቁት ሕፃን አይደለም። ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ፣ ጭንቅላታቸው ከብርቱካን የማይበልጥ፣ ለመተንፈስ እንኳን ገና የሚለማመዱ ናቸው።

ሀውላ አላስቻላትም። አንድ ቅዳሜ ሾላ ገበያ ሄደች፣ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ መርጣ ገዛች፣ ክፍሉ በር ላይ በርጩማ አቁማ አስቀመጠችው፣ ግማሽ ጀሪካን ውሃ ገለበጠችበት፣ ሁለት ክዳን በረኪና ጨመረችበት።

"በሉ እንግዲህ!" አለች። "የሚገባ ሁሉ እጁን ነክሮ ይግባ! ያልነከረ አይገባም!"

ነከሩ። ሐኪሞቹ ነከሩ፣ ነርሶቹ ነከሩ፣ እናቶቹ ነከሩ። የሀውላ ሳፋ ተባለ። ለክፍሉ እጅ ሁሉ በቀን ግማሽ ጀሪካን በቃ። በዓመቱ የሴቶች ቀን ሲከበር ስሟ በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ "ውሃ ቆጣቢ የእጅ ንጽሕና ዘዴ በማፍለቅ" የሚል ሰርተፍኬት ተሰጣት። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሣህሌ እጇን ጨብጠው ፎቶ ተነሱ። ሰርተፍኬቱና ፎቶው በመስተዋት ተሠርቶ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። ሀውላ በየጠዋቱ በክርኗ መስተዋቱን እያበሰች ታልፍ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ።

ዘንድሮ፣ ጥቅምት ላይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሕፃናት ታመሙ። ሁለቱን አተኮሳቸው። ሦስተኛዋ ትኩሳትም አልነበራት፤ ጡት መሳብ አቆመች፣ ሰውነቷ ቀዘቀዘ፣ በሦስተኛው ቀን አረፈች። እናቷ ከመናኸሪያ በቀጥታ የመጣች የገጠር ሴት ነበረች። ሬሳው እስኪሰጣት አግዳሚ ወንበር ላይ የሕፃኗን ፎጣ አራት ማዕዘን አድርጋ እያጠፈች፣ እየዘረጋች፣ እንደገና እያጠፈች ተቀመጠች። ሀውላ በሥሯ መወልወል ነበረባት። ሴትዮዋ እንዳታስቸግራት ብላ እግሯን አነሳችላት።

ያቺ የተነሳች እግር እስከ ዛሬ ከሀውላ ዐይን አልጠፋችም።

በአራተኛው አልጋ የፌበን ልጅ ነበር። ፌበን ከአያት ኮንዶሚኒየም የመጣች አስተማሪ ናት፤ በሰባተኛ ወሯ ነው የወለደችው። ልጁ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ይመዝናል። ቀን ከሌት ደረቷ ላይ፣ ልብሷ ውስጥ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጋ ይዛዋለች። ሐኪሞቹ ካንጋሮ ይሉታል።

"ሀውልዬ፣" አለቻት ያን ቀን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እውነቱን ንገሪኝ። በተራ እየሄደ ነው አይደል? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው የኔ ነው።"

"አፍሽን ዝጊ!" አለች ሀውላ። "ተራ የዳቦ ነው።"

መወልወያዋን አንሥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከላቦራቶሪ ሰዎች መጡ። ጫፉ ላይ ጥጥ በተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ሁሉንም ነገር ጠረጉ፤ አልጋውን፣ የበሩን እጀታ፣ ወለሉን፣ መወልወያዋን፣ ሳፋውን ሳይቀር። ውጤቱ ሦስት ቀን ይፈልጋል ተባለ። አቶ ሣህሌ ግን ሦስት ቀን የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። በማግሥቱ ስብሰባ ጠሩ።

"ኢንፌክሽን ማለት፣" አሉ እስክሪብቷቸውን እያሽከረከሩ፣ "የፅዳት ጉድለት ማለት ነው። ፅዳት ደግሞ የኤጀንሲው ኃላፊነት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ገምጋሚዎች ይመጣሉ። እርምጃ ወስደናል ብለን መጠበቅ አለብን።"

የኤጀንሲው ተቆጣጣሪ ዞሮ ሀውላን አያት። ሰባ ሰው ባለበት አዳራሽ እርምጃው እሷ መሆኗን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም። "እስከ ወሩ መጨረሻ ሥሪ፤ ከዚያ ሌላ ሳይት እንፈልግልሻለን" አላት ሲወጡ። ሌላ ሳይት የሚባል ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር ማዕዶት፣ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ አንሶላ ማስቀመጫው ጋ ጠራቻት።

"ሀውላ፣ ተቀመጪ።"

"ቆሜ ይሻለኛል። ከተቀመጥኩ እንቅልፍ ነው።"

"ጀርሙ ተገኝቷል።"

"የት? ወለሉ ላይ? ወለሉ ላይ ከሆነ ወላሂ ሲስተር፣ እኔ ያንን ወለል…"

"ወለሉ ንጹሕ ነው። መወልወያሽም ደህና ነው።" ሲስተር ማዕዶት ዐይኗን ሰበረች። "ሳፋው ነው። ሕፃናቱ ደም ውስጥ ያለውና ሳፋው ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ነው።"

ሀውላ ሳቀች። "በረኪና አለበት እኮ! ዐይን የሚያስለቅስ በረኪና!"

"ጠዋት አለ። ሃምሳ እጅ ከገባበት በኋላ ግን ላቡ፣ ወተቱ፣ ቅባቱ በረኪናውን ይበላዋል። የሚቀረው ሽታው ነው። ያን ጊዜ ሳፋው እጅ አያነጻም፤ ካንዱ እጅ ተቀብሎ ለሌላው እጅ ያቀብላል።"

"አንቺ ይህን ታውቂ ነበር?"

ሲስተር ማዕዶት ወደ አንሶላዎቹ ዞረች። "ተምሬዋለሁ" አለች። "በተጠራቀመ ውሃ እጅ አይታጠብም ይላል። ግን ሌላ ውሃ የለም። ከምንም ይሻላል ብዬ እኔም በየቀኑ ነከርኩ። አንቺም ተሸልመሽ… ማን ደፍሮ ይናገራል?"

ሀውላ ሳትጮህ ዞራ ወጣች። አለመጮኋ ሲስተር ማዕዶትን ከጩኸቷ ይበልጥ አስፈራት።

የቀትሩ ሰላት፣ የዙሁር ሰዓት ደርሶ ነበር። ሀውላ ከኩሽናው ጀርባ ወረደች፣ እንደ ወትሮዋ ከሮቶው አንድ ሃይላንድ ውሃ ቀዳች፣ ከሰላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱእ ቁጢጥ አለች። ከሃይላንዱ በቀኝ እጇ ላይ አፈሰሰች። ውሃው እጇን አጥቦ መሬት ላይ ወደቀ፤ መሬቱ ጠጣው። እንደገና አፈሰሰች። ሦስተኛውን ልታፈስ ስትል እጇ አየር ላይ ቆመ።

በቀን አምስት ጊዜ፣ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ፣ እጇ ላይ የሚወርደው ንጹሕ ውሃ ነው፤ የወደቀው ውሃ ተመልሶ አይነካትም። ቤቷ እንግዳ ሲመጣ ማንቆርቆሪያ ይዛ ታስታጥባለች፤ እጣቢው ማስታጠቢያው ውስጥ ይወድቃል፣ ይደፋል። አንዱ የታጠበበትን እጣቢ ለሚቀጥለው እንግዳ "በል ንከርበት" ብትል እናቷ ከመቃብር ተነሥታ በጥፊ ትላት ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲህ ነው የሚያስታጥበው። እዚያ ክፍል የገባ ሐኪም ሁሉ፣ ነርስ ሁሉ፣ አቶ ሣህሌም ጭምር፣ ቤቱ እንዲህ ነው የሚታጠበው። ሆስፒታል በር ላይ ሲደርሱ ሁሉም፣ እሷን ጨምሮ፣ የቤታቸውን ረሱት። የበረኪናው ሽታ አታለላቸው።

"እንግዳ የማይነካውን እጣቢ!" አለች ጮክ ብላ፣ ብቻዋን። "ለነዚያ! ለነዚያ ለማያወሩት!"

ሰላቷን ሰገደች። ምን ብላ እንደለመነች የእሷና የፈጣሪዋ ነው። ተነሥታ ደረጃውን ወጣች፣ ሳፋውን አንሥታ ሽንት ቤት ደፋችው፣ ታቹን በእግሯ ረግጣ ሰነጠቀችው። ጧ ያለ ድምፅ አወጣ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ሄዳ ሰርተፍኬቷን ከነመስተዋቱ ከግድግዳ አወረደችና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ መሬት ላይ አቆመችው።

ቀጥሎ የሄደችው ንብረት ክፍል ነው። በኮሮና ጊዜ የነበረ ሰው ያስታውሳል፤ በየበሩ የብረት መታጠቢያ ቆሞ ነበር፣ ላዩ ላይ የውሃ በርሜል፣ ሥሩ በእግር የሚረገጥ ብረት። ስትረግጡት ውሃው ይወርዳል፣ ስትለቁት ይቆማል፤ እጅ ምንም አይነካም። ያ ሆስፒታል ሦስት ነበረው። ኮሮና አለፈ ሲባል ሦስቱም ንብረት ክፍል ገቡ። ሀውላ ናት ተሸክማ ያስገባቻቸው።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ገረሱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሬዲዮ ይሰማሉ።

"ጋሽ ገረሱ፣ ያንን በእግር የሚረገጠውን መታጠቢያ አንዱን ይስጡኝ። ለሕፃናቱ ክፍል።"

"ሞዴል ሃያ ይዘሻል?"

"ሕፃናት እየታመሙ ነው እላለሁ!"

"እኔ መቼ አልታመሙም አልኩ? ንብረት ያለ ሞዴል ሃያ አይጠየቅም፣ ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት አይወጣም። ደግሞስ አንቺ የኤጀንሲ ነሽ፤ መጠየቅ አትችዪም።"

"ሳስገባው የኤጀንሲ አልነበርኩም? በጀርባዬ ተሸክሜ ሳስገባው ሞዴል ስንት ሞላሁ?"

"ስታስገቢ ሸክም ነው፣ ስታስወጪ ንብረት ነው" አሉ አቶ ገረሱ ረጋ ብለው። "እሱም ቢሆን አሁን የሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ኮሚቴው ሳይወስን ማንም አይነካውም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ሥልጠና ሄዷል።"

"መቼ ይመጣል?"

"ሥልጠናው ሲያልቅ።"

"ጋሽ ገረሱ፣ ልጅ አለዎት?"

"አራት።"

"ታጥበው ነው ያቀፏቸው ወይስ ኮሚቴ ሰብስበው?"

አቶ ገረሱ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዐይናቸው አወረዱና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩዋት። "አንቺ ልጅ ምላስሽ ሰው ያስገድላል" አሉ። "ፊርማ አምጪ። የሥራ አስኪያጁን ፊርማ ካመጣሽ ኮሚቴው የራሱ ጉዳይ ነው።"

ሞዴል ሃያውን ሲስተር ማዕዶት በራሷ እጅ ሞላችው። ሀውላ አቶ ሣህሌ ቢሮ ሦስት ጊዜ ወሰደችው። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። አንድ ጊዜ ወጥተዋል። አንድ ጊዜ አገኘቻቸውና "ከግምገማው በኋላ እናየዋለን፤ አሁን የተበላሸ ብረት ኮሪደር ላይ ገትረን ገምጋሚ አንቀበልም" አሏት።

ሀውላ ወረቀቱን አጥፋ ጋዋኗ ኪስ ከተተችው። በማግሥቱ ጠዋት ቁልቁለቱን ስትወርድ በአንድ እጇ ከቤቷ ያመጣችውን ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ፣ በሌላው ደረቅ ሳሙና ይዛ ነበር። ክፍሉ በር ላይ ቆመች።

"እጅዎን" አለች ለመጀመሪያው ሐኪም። አፈሰሰችለት፣ ሳሙና ሰጠችው፣ እስኪያሽ ጠበቀች፣ እንደገና አፈሰሰችለት። እጣቢውን ደፋች። "ቀጣይ።"

ተማሪ ሐኪሞቹ ሳቁ። "ሠርግ ነው እንዴ? ምግቡስ?" አላት አንዱ።

"ምግቡ ጥፊ ነው" አለችው። "ጥፍርህን ደግመህ እሽ። በጥፍር ውስጥ ማሳ ይዘህ ሕፃን አትነካም።"

አሸ።

ግን ሰው ማስታጠብም መወልወልም በአንድ ጊዜ አይችልም። ስታስታጥብ ወለሉ ይቆሽሻል፤ ስትወለውል ያልታጠበ ይገባል። ውሃውም ከአስራ አራት ጀሪካን ወደ ሃያ ሦስት አደገ። በሁለተኛው ቀን ኢማድ ከላምበረት ሲገባ ሚስቱን ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አገኛት፤ ቤቷ በር ድረስ ደርሳ መግባት አቅቷት። "ሀውላ፣ ማንን ነው የተጣላሽው ዛሬ?" አላት። "ራሴን" አለችው። ከዚያ በላይ አልጠየቃትም፤ ጫማዋን አወለቀላት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስትደርስ ሌላ ሰው በር ላይ ቆማ አገኘች። ፌበን ናት። ልጇን በነጠላ ደረቷ ላይ አስራ፣ በአንድ እጇ ማንቆርቆሪያውን ይዛለች።

"አንቺ ወልውዪ" አለች ፌበን። "ማስታጠቡን ለእናቶች ተዪልን። ተራ አውጥተናል።"

"ተራ የዳቦ ነው ብዬሽ ነበር" አለች ሀውላ። በሳምንቱ ውስጥ ያኔ ብቻ ነው ፈገግ ያለችው።

ገምጋሚዎቹ የመጡት ሐሙስ ነው። ኮሪደሩ አበባ ተደርድሮበታል፤ በአቶ ሣህሌ ትእዛዝ በበሩ መግቢያ ላይ በረኪና ተረጭቷል፣ እንዲሸት። የታሸገው ቧንቧ በመጋረጃ ተሸፍኗል። አራት እንግዶች፣ ከፊታቸው አቶ ሣህሌ፣ ወደ ሕፃናቱ ክፍል መጡ። በሩ ላይ ሀውላ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ ፌበን።

"እጅዎን፣ አቶ ሣህሌ።"

"እኛ አንነካም። ለማየት ብቻ ነው።" ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የሚናገሩት።

"የበሩን እጀታ ነክተዋል። ከርስዎ በኋላ እኔ እነካዋለሁ፣ ከኔ በኋላ ነርሷ፣ ከነርሷ በኋላ ይኸ" ብላ ወደ ፌበን ደረት አመለከተች። ከነጠላው ውስጥ ኮፍያ ያደረገ ትንሽ አናት ይታያል።

"ልጅቷ የኤጀንሲ ሠራተኛ ናት" አሉ አቶ ሣህሌ ለእንግዶቹ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። "ይሄ የኛ አሠራር አይደለም።"

"እውነታቸውን ነው" አለች ሀውላ። "የነሱ አሠራር በሳፋ ነበር። የፈለሰፍኩት እኔ ነኝ፣ የሸለሙኝ እሳቸው ናቸው። ሦስት ሕፃን ታሞበታል፣ አንዷ ሞታበታለች። የላቦራቶሪው ወረቀት ሲስተር ማዕዶት ጋ አለ።"

ከእንግዶቹ መሃል ሸምገል ያሉ ሴት ቦርሳቸውን አጠገባቸው ለቆመው ሰው ሰጡና እጃቸውን ዘረጉ። "አፍስሽልኝ፣ ልጄ" አሉ። ሀውላ አፈሰሰችላቸው። ሁለተኛው እንግዳ ተከተሉ፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። አቶ ሣህሌ ብቻቸውን ቀሩ። ሁሉም እያያቸው ነው። እጃቸውን ዘረጉ።

ሀውላ አልቸኮለችም። ሳሙናውን ሰጠቻቸው፣ የእጃቸውን ጀርባ፣ በጣቶቻቸው መሃል፣ አውራ ጣታቸውን እንዲያሹ ጠበቀች፣ አለቀለቀቻቸው። አቶ ሣህሌ እጃቸውን ወደ ሱሪያቸው ሲሰዱ ያዘቻቸው።

"እንዳይጠርጉት! ይድረቅልዎ። እስኪደርቅ ይቺን ያንብቡ።"

ሞዴል ሃያውን ከኪሷ አውጥታ ፊታቸው ላይ ዘረጋችው። ከመታጠፍ ብዛት ጨርቅ መስሏል። አነበቡ። ማንበብ የሚፈጀውን ጊዜ ሁሉ ወሰዱ። ሀውላ እስክሪብቶ አቀበለቻቸው።

"አሁን እጅዎ ንጹሕ ነው" አለች። "ይፈርሙ።"

ፈረሙ።

አቶ ገረሱ ፊርማውን ካዩ በኋላ "ታዲያ ከጅምሩ እንዲህ አትይም?" ብለው ቁልፋቸውን አነሡ። የመታጠቢያው መርገጫ ዝጎ አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር፤ ኢማድ በትከሻው ተሸክሞ ላምበረት አንድ ብየዳ ቤት ወሰደው፣ በማግሥቱ ዘይት ጠጥቶ ተመለሰ። አሁን እዚያ በር ላይ ቆሟል። ስትረግጡት ይወርዳል፤ ስትለቁት ይቆማል። ከዚያ ወዲህ የሳፋው ጀርም በዚያ ክፍል አልተገኘም። የፌበን ልጅ ሁለት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከእናቱ ጋር ወደ አያት ሄደ።

በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ሀውላ አልበረደላትም፤ ሊበርድላትም አይገባም። በርሜሉን የምትሞላው አሁንም በጀሪካን ነው፤ የታሸገው ቧንቧ አሁንም እንደታሸገ ነው። ሳሙናው በሁለት ቀን አንዴ ይጠፋል። ኤጀንሲው "ለጊዜው ቆዪ" ብሏታል፤ ለሦስት ወር ብቻ። ሰርተፍኬቷን አንድ ሰው መልሶ ሰቅሎት አገኘችው፤ አሁን ቤቷ ወስዳ አልጋ ሥር አድርጋዋለች። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነው። ያቺ እግሯን ያነሣችላት እናት፣ ልጇ ለምን እንደሞተች እስከ ዛሬ አታውቅም። "ማን ይንገራት?" ብላ ሀውላ አቶ ሣህሌን ጠይቃ ነበር። "ያ የባለሙያ ጉዳይ ነው" አሏት። ሲስተር ማዕዶት አድራሻዋን ፋይሉ ላይ ፈልጋ የወረዳውን ስም ብቻ አገኘች። የእግዜር ቁጣ ነው ብላ ይሆናል ወደ አገሯ የተመለሰችው። የእግዜር አልነበረም። የሳፋ ነበር።

ሀውላ ታሪኳ እንዲጻፍ የፈቀደችው አንድ ነገር እንዲጨመርበት ብላ ነው፤ እንደነገረችኝ አስቀምጠዋለሁ።

"ሆስፒታል ወልዳችሁ ስትተኙ፣ ወይ ታማሚ ይዛችሁ ስትገቡ፣ ልትነካ የመጣችውን እጅ ሁሉ ጠይቁልኝ፤ 'እጅዎን ታጥበዋል?' በሉ። ዶክተርም ይሁን፣ ነርስም፣ እኔም ልሁን። ልትጠይቅ የመጣች አክስታችሁም ትሁን። ይቆጣሉ፤ ይቆጡ። የቁጣውን ነገር ለኔ ተዉት። ስትሄዱ ደግሞ አንድ ማንቆርቆሪያ ከነሳሙናው ያዙ። ውሃ የለም ካሏችሁ፣ ራሳችሁ አፍስሱላቸው። በሳፋ ንከሩ የሚላችሁ ካለ፣ እኔ ብሆን እንኳ፣ ድፉት።"